ወርቁን ያጠበው ማን ነው?



ነቀምት ደርሶ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ የሚመለስ ሰው ቢቆጨው አይፈረድበትም። እኔም አይቼዋለሁ። የእንጨት ሥራው ብቻ ቆም ብሎ ያስተውሉት ዘንድ ያስገድዳል። የሌቃ ነቀምት ገዢዎች የነበሩት ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ለአፄ ምኒልክ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይገብሩ ነበር። በቤተ መንግሥቱ የተገኙት ደብዳቤዎችም እ.ኤ.አ. በ2004 በመጽሐፍ ታትመው ለተመራማሪዎች ቀርበዋል። ይሁን እንጂ ደብዳቤ ይጻጻፉ የነበሩት ባለ ሥልጣናት ናቸው። ጎንበስ ብሎ ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበው ሰው ማኅተም አልነበረውም።

ይህን ሐሳብ እዚያው ከተማ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለአንድ አዛውንት ሐጂ አነሳሁላቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «የእኛ ታሪክ ተረሳ ብላችሁ ስትጮኹ ኖራችኋል። አሁን ደግሞ የተቀበረ ነውር ልታወጡ ነው?» ሐጂ ወዴት እንደማመራ ገብቷቸው ነበር። ስለ ሼህ ሆጀሌ ልጽፍ ነበርና።

ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዢ ነበሩ። አሶሳ በዘውዱ ዘመን በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥም እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሰፈር አለ። ስለ አገራችን ሙስሊም መሪዎች ሲነገር እኚህ ሰው መዘለል የለባቸውም እንላለን፤ ልክ ነን። ነገር ግን ሼሁ ወደ መሀል አገር የላኩት ግብር ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበረበት። ባለቤታቸው ሲት አምና እ.ኤ.አ. በ1928 ሱዳን ውስጥ በባሪያ ንግድ ተይዘው ተፈርዶባቸዋል። ታዲያ የሼሁን ታሪክ ስናስጽፍ ይህን እንጨምር ወይስ እንተው?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1897 ከቤኒን ከተማ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ፣ የዘረፏቸው የነሐስና የናስ ቅርጾች ዓለምን ያስደነቁ ናቸው። መመለሳቸው ፍትሕ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ የተሠሩት አውሮፓውያን ነጋዴዎች እንደ ገንዘብ ካመጡት የናስ አምባር ነው። በዚያ አምባር ደግሞ ሰው ይገዛና ይሸጥ ነበር። ቅርሱ ለባለቤቱ ይመለስ ስንል «ባለቤቱ ንጉሡ ብቻ ነው ወይ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

የሐጂ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ነውራችን ለጠላት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የባሪያ ንግድ የሙስሊም ብቻ ተደርጎ ሲወራም ሰምተናል፤ ያን ግብር የተቀበለው የክርስቲያን ቤተ መንግሥት እንደነበረ ግን አይነሳም። መልሱ ታዲያ ዝምታ ነውን? ዝም ካልን ታሪኩን በከፊል ለሚያወራው ሰው መድረኩን እንለቅለታለን። ደግሞስ በርታው፣ ማኦውና ኮሞው ዛሬም ጎረቤቶቻችን፣ ብዙዎቹም የሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው። በአያቶቻቸው ላይ የተፈጸመውን ለክብራችን ስንል ብንሸፍን በየትኛው ፊታችን ወንድም እንላቸዋለን? ባሪያ ነፃ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻ ያደረገ፣ በራስና በወላጅ ላይም ቢሆን በፍትሕ መመስከርን ያዘዘ ሃይማኖት ይዘን ስለ ሼሁ እውነቱን መናገር ሊያስፈራን አይገባም።

ይህን ስል ቤተ መንግሥቶቹ ይፍረሱ፣ ስሞቹ ይፋቁ ማለቴ አይደለም። ይጠገኑ፣ ይጠበቁ፣ ልጆቻችንም ይጎብኟቸው። ነገር ግን አስጎብኚው የገዢውን ስም ጠርቶ ሲጨርስ ወርቁን ያጠበውንና ከወርቁ ጋር የተገበረውን ሰውም ያንሳ። የእነዚያን ሰዎች ስም ባናውቅ እንኳ እንደነበሩ እናውቃለን።

ሐጂ ስንለያይ «እንግዲያስ ስትጽፍ የሁሉንም ጻፍ፤ የእኛን ብቻ እንዳታደርገው» አሉኝ። አደራቸውን ለመጠበቅ ሞክሬያለሁ።

ወሏሁ አዕለም።