የመቶ ድርሃሙ ሕንፃ

እህቶቼ፣ ደመወዝ በተቀበላችሁ ቀን ወረቀቱን 100 ድርሃም ገልብጣችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አንድ ረጅም ሕንፃ አለበት። የዱባይ የዓለም ንግድ ማዕከል ነው፤ በሼክ ዛይድ መንገድ፣ ከፋይናንሱ ሰፈር አጠገብ ያለው።

አንድ የእረፍት ቀን በሜትሮ ስናልፍ ጓደኛዬ፣ “ያውልሽ የመቶው ሕንፃ” አለችኝ። “ይቺ ናት እንዴ?” ብዬ ሳቅኩ። በትልልቆቹ ፎቆች መሃል ትንሽ ልጅ መሰለችኝ። በ1979 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትመርቀው ግን ዙሪያው አሸዋ ነበር። 39 ፎቅ፣ 149 ሜትር ነው፤ ሃያ ዓመት ያህል በከተማው የሚበልጠው አልነበረም። ዛሬ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ሆኖ ቆሟል።

ማታ ስተኛ ራሴን አሰብኩ። መጀመሪያ ብር የላክሁ ጊዜ እናቴ የሳር ክዳኑን በቆርቆሮ ቀይራ ስትመርቀኝ አለቀሰች። ባለፈው ወር ግን በስልክ፣ “የጎረቤታችን ልጅ እኮ ብሎኬት ቤት አሠራች” አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ተበድሬ ልልክላት ወሰንኩ።

ሰው የሚለካው በሠራው ነው ወይስ ከጎኑ በቆመው? ሕንፃው አንድ ሜትር እንኳን አልቀነሰም። መስኮቶቹ ፀሐይ እንዲከላከሉ ወደ ውስጥ ገባ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ ዛሬም ይከላከላሉ። ሰው ገብቶ ይሠራበታል። ያነሰው በእኛ ዓይን ነው። የኔም ብር አልቀነሰም፤ ቆርቆሮው ዛሬም ዝናብ ይመልሳል።

በእናቴ ግን መፍረድ አልቻልኩም። የብሎኬቱን ቤት በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። ደግሞስ እኔ ሕንፃውን አይቼ የሳቅሁት በምን ለክቼው ነው? እሷ እኔን በለካችበት አይደል? የጎረቤታችን ልጅስ ያንን ቤት ምን ከፍላ እንዳሠራችው ማን ጠይቋታል?

ብድሩን ተውኩት። ለእናቴ ደውዬ እስከዛሬ የደበቅኋትን ነገርኳት፦ ደመወዜ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምተኛ። ዝም አለች። ከዚያ፣ “ልጄ፣ ላንቺስ ምን ይተርፍሻል?” አለችኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ለካ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

እህቶቼ፣ ከሰው ላለማነስ ብላችሁ አትበደሩ። መጀመሪያ እውነቱን ንገሯቸው።