ወርቁ ሳይመዘን

ልጄ፣ ትምህርትህን ጨርሰህ ወደ ወርቅ ልትገባ መሆኑን ሰማሁ። ተው አልልህም። መንጌ ማሽላውን አርሶ፣ ለልብስና ለደብተር የሚሆነውን ከወርቅ ሲያገኝ የኖረ አገር ነው፤ እናቶቻችንም ገበቴያቸውን ይዘው ወንዝ ወርደዋል። ቁፋሮውን ጓደኞችህ ያሳዩሃል። እኔ የምነግርህ ወርቅ የሰውን ሐሳብ እንዴት እንደሚይዝ ነው።

ደመወዝተኛ ወሩን ቆጥሮ ይቀበላል። ወርቅ አውጪ ግን ሳምንት ሙሉ አፈር ሲያወጣ ሰንብቶ ባዶ እጁን ይገባል፤ በማግስቱ ያላሰበውን ያገኛል። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን በርግቦች አይቶታል። ጥሬው መቼ እንደሚመጣላት የማታውቅ ርግብ ጥሬ የሚያወጣላትን ቁልፍ በመንቁሯ መምታቷን አታቆምም፤ ጥሬው ቢቋረጥባት እንኳ ቶሎ ተስፋ አትቆርጥም። ሰውም "ይህን ያህል ደክሜ እንዴት እተወዋለሁ?" እያለ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል። የትናንት ድካም ወርቅ አይጨምርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዶማ ሳያርፍ ከጓደኞችህ ጋር ወስኑ፦ እስከ ስንት ክንድ? ስንት ቀን? ግድግዳው ከተሰነጠቀ ግን ምክክር የለም፤ ውጡ። የራሰ አፈር ጊዜ አይሰጥም።

ሁለተኛው ነገር ዱቤ ነው። ሙላይናታንና ሻፊር የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በሕንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ በአስተሳሰብ ፈተና ፈትነዋቸው ነበር። ያው ገበሬ ገንዘብ ባጠረው ሰሞን ውጤቱ ዝቅ አለ፤ ምርቱ ሲገባ ተሻሻለ። ጥናቱ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውየው አልሰነፈም፤ የጎደለው ነገር ሐሳቡን ወስዶበት ነው። የቸገረው ልጅም ስንቅና አካፋ በዱቤ ከሚሰጠው ገዥ ጋር ይዋዋልና ወርቁን በገዥው ዋጋ ያስረክባል። ከመጀመሪያው ሽያጭህ እህል ግዛ። ጎተራህ ሙሉ ከሆነ ገዥ ፊት ረጋ ብለህ ትቆማለህ።

ዋጋውንም እወቅ። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበትን የዕለት ዋጋ በየካራቱ ያወጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው ወር የሰማኸው ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ከመሸጥህ በፊት በስልክህ እይ፤ ካራቱንም ጠይቅ።

ከሁሉም በላይ ግን ብሩ እጅህ ሳይገባ ክፈለው፦ ይህ ለቤት፣ ይህ ለዘር፣ ይህ ለእህትህ ትምህርት፣ ይህ ለክፉ ቀን። ብሩን ከተቀበልክ በኋላ የሚታሰብ ሐሳብ ብዙ ጊዜ አዲስ ስልክ ነው። የክፉ ቀኑን ኪስህ አታድርገው። ወለድ ፈርተህ ባንክ ከራቅክ፣ ንግድ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለው፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ነው። ያስቀመጥከው የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ ዓመት ከዞረበት ዘካው፣ 2.5 በመቶው፣ ያንተ አይደለምና ቀድመህ አውጣው።

ዘመድም አለ። መሸጥህ ካንተ ቀድሞ መንደር ይገባል፤ የሚጠይቅህ ይበዛል። ፊት ለፊት እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ወገን ነውና መስጠትም ይገባል። የዘመድ ድርሻ አስቀድመህ ለይ። ካለቀ "ለዚህ የለየሁት አልቋል፣ በሚቀጥለው ካንተ እጀምራለሁ" በለው። በሚቀጥለውም ከሱ ጀምር።