የሣሩ ድርሻ

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ሁርሶ ቆላ ናት፤ የአካባቢው አርብቶ አደር ፍየልና ግመል የሚያድገው ማንም ባልዘራው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ባለ መንጋው ግን «የእኔ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጠብቋል፣ አጠጥቷል፣ ከአውሬ ተከላክሏል። ስለ ሀብት ክፍፍል የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚጀምረው «የእኔ» ከምትለው ከዚህች ቃል ነው። የእኔ ከምንለው ውስጥ የላባችን ፍሬ የትኛው ነው? በላባችን ላልመጣውስ ባለ ዕዳ ነን ወይስ አይደለንም?

እስልምና ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተቀመጠ መልስ አለው፤ ይኸውም ከሀብት ላይ ለድሃ የሚወጣው ግዴታ፣ ዘካ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ፣ ከአምስት ግመል በታች ያለው ሰው የግመል ዘካ አይጠየቅም፤ አምስት ሲሞሉለትና ዓመት ሲቆዩ አንድ በግ ወይም ፍየል ያወጣል። አርባ ፍየል ያለውም አንድ ይሰጣል። ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ዘካው የሚወጣው በነፃ ግጦሽ ካደገው እንስሳ እንጂ ባለቤቱ መኖ ገዝቶ ከቀለበው አይደለም። እህሉም እንዲሁ ነው፤ በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ በድካምና በወጪ ውሃ ተስቦለት ከለማው ግን ከሃያ አንድ ይወጣል። የሰማይ ስጦታ ሲያመዝን የድሃው ድርሻ ይበዛል፣ የሰው ልፋት ሲያመዝን ያንሳል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ድሃው የሚወስደው የባለጸጋውን ላብ ሳይሆን የሣሩንና የዝናቡን ድርሻ መሆኑን ነው። ስለዚህ የሚሰጠው ሐቁ እንጂ ችሮታ አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚከበረው ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው ሲሰብክ፣ ካለው ለድሃ የማያካፍልን ሰው ከሌባ ቆጥሮታል።

«የከተማው ነጋዴ ሣር የለው፤ ሀብቱ የገዛ ጥረቱ ነው» የሚል ይኖራል። ድሬዳዋ ራሷ መልስ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልሆነለት በ1895 ዓ.ም. ቆላው ላይ ቆመ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ዙሪያ በቀለች። ነጋዴው ጥሮ ግሮ ነግዷል፤ ነገር ግን ቦታውን ያስወደደው፣ ገበያውንም ያመጣው ብዙ ሰው የደከመበት ሐዲድ ነው። የከተማ ሣር ማለት ይህ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚያነሳው የደርግን ዘመን ነው። ክፍፍልን ሞክረን አየነው፣ ትርፉ ውድመት ሆነ ይባላል። ያ ዘመን ግን በአንድ ሚዛን የሚፈረድ አይደለም። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ ራሱ ሳያርስ የሰው ምርት ሲወስድ የኖረውን ባለ ርስት ነው የነካው። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ግን ደርዘን ቤት ያከራይ የነበረውን ባለጸጋ፣ ቆጥቦ ሁለተኛ ቤት ከሠራ ሰው ጋር በአንድ ላይ ወረሰ። ሣሩን ከላቡ አልለየም፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከደርግ የምንማረው ማካፈል ክፉ መሆኑን ሳይሆን፣ እንደ አምስቱ ግመል ያለ ወለልና ልክ የሌለው ማካፈል ወደ ቅሚያ እንደሚወርድ ነው።

ወለል ሲዘነጋ ደግሞ ድሃው ራሱ ከፋይ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 2,000 ብር እስኪያድግ ድረስ የኑሮ ውድነቱ ወለሉን ጥሎት ሄዶ ነበር። በአራት ግመል ላይ ዘካ እንደ መጠየቅ ነበር።

በመጨረሻ የሚነሳው «ተቀባዩ ይሰንፋል» የሚለው ነው። ጥገኝነት እውነተኛ አደጋ ነው፣ አልክድም። ሆኖም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሶማሌ ክልልና በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ መንጋው ያለቀበት አርብቶ አደር የሰነፈው መቼ ነው? የከዳው ሣሩ ነው። በደጉ ዓመት የሣሩን ድርሻ ያወጣ ሰው፣ በክፉው ዓመት ያንኑ ድርሻ ሲቀበል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። ሐቅና ምጽዋት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፤ አምስተኛዋን ግመል ያገኘ ፍየሏን ይነዳል፣ አምስተኛዋ የሞተችበት ደግሞ ቀና ብሎ ይቀበላል።