በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ በእርግጥ ሙቅ ነውን?

በከዋክብት መካከል 300 ሺህ ኬልቪን የሚደርስ ጋዝ አለ ሲባል ልቤ ቶሎ አልተቀበለውም። ባዶ የምንለው ጠፈር እንዴት ከፀሐይ ገጽ 50 እጥፍ ይሞቃል? ሙቀት ግን የቅንጣቶች ፍጥነት እንጂ ብዛታቸው አይደለም፤ እጅግ የሳሳ ጋዝም እጅግ ሊሞቅ ይችላል። ይቻላል ማለት ግን አለ ማለት አይደለም።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ላይማን ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ1956 ማንም ሳያየው ጋላክሲያችንን ሙቅ ጋዝ ሳይከባት አይቀርም ብሎ ጻፈ። ከጋላክሲው ጠፍጣፋ አካል ርቀው ያሉት ቀዝቃዛ ደመናዎች ከውጭ የሚጫናቸው ነገር ባይኖር ተበትነው በጠፉ ነበር። ሐሳቡ ውብ ነው፤ እኔ ግን ምስክር ፈለግሁ።

ምስክሩ በ1972 በመጠቀችው ኮፐርኒከስ ሳተላይት ተገኘ። የሩቅ ከዋክብት አልትራቫዮሌት ብርሃን ከባቢ አየራችን ከመዋጡ በፊት ሲመረመር፣ 103.2 ናኖሜትር ላይ ጎድሎ ታየ። የዋጠው አምስት ኤሌክትሮን የተገፈፈ ኦክሲጅን ነው።

የገፈፈው የከዋክብቱ ብርሃን ቢሆንስ? አምስተኛውን ኤሌክትሮን ለመንቀል 114 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል፤ ትኩስ ከዋክብት ደግሞ ከ54 በላይ የሚለቁት ጥቂት ነው። እንግዲህ የገፈፈው የቅንጣቶች ግጭት ነው፤ ለዚህም ጋዙ መሞቅ አለበት።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ኦክሲጅኑ የራሱ የኮከቡ ቢሆንስ? እንዲህ ያሉ ከዋክብት ኃይለኛ ነፋስ ያወጣሉ፤ ነፋሳቸውም ይህንኑ ኦክሲጅን ይይዛል። ነገር ግን በሰከንድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ነፋስ ብርሃኑ ላይ ሰፊ አሻራ ይተዋል፤ የምንፈልገው ጠባብ ነው። ተመራማሪው ኤድዋርድ ጄንኪንስም በ1978 የ72 ከዋክብትን ልኬት ሲያነጻጽር፣ ኮከቡ በራቀ ቁጥር ኦክሲጅኑ እየበዛ አገኘው። የኮከቡ ቢሆን ኖሮ ርቀት ምን ይጨምርለታል? እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ተረታ።

ከ1999 እስከ 2007 የሠራችው ፊውዝ የተባለችው ሳተላይት ደግሞ ኮከብ በማይታይበት ሰማይ ያው ኦክሲጅን ራሱ ሲያበራ ለካች። ያ ብርሃን ከየትኛውም ኮከብ አልተበደረም።

አሁንም የማልቀበለው አንድ አባባል አለ፤ ይህ ኦክሲጅን ሙቁ ጋዝ በሙሉ ነው የሚለው። በ300 ሺህ ኬልቪን ያለ ጋዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አብዛኛው የሚገኘው በፈነዱ ከዋክብት የጋለው የሚሊዮን ኬልቪን ጋዝ ከቀዝቃዛው ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ይመስለኛል። ጋዙ አለ፤ በዚህ አልትራቫዮሌት የምናየው ግን ዳርቻውን ነው።