ስብከት ለምትወዱ ልጆቼ

በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ የሞባይል ኢንተርኔት ከባሕር ዳር በጠፋ ጊዜ፣ ከሰፈራችን ልጆች አንዷ ቡና ላይ ተቀምጣ «እማማ፣ ስብከት ከሰማሁ ወር አለፈኝ፤ ነፍሴ ደረቀች» አለችኝ። የምሯን ነው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የአጥቢያችን ደወል ግን ከተቀመጥንበት ይሰማል። ካህኑም በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ያስተምራሉ። እሷ የናፈቃት የስልኩ ስብከት ነበር። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ ወዲህ ነገሩ ሲብስ እንጂ ሲሻል አላየሁምና፣ እናታችሁ ነኝ፣ ልናገራችሁ።

ስልካችሁ ስብከት ሞልቶበታል። ባጃጅ ውስጥ ትሰማላችሁ፣ ካፌ ትሰማላችሁ፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን ታስከትላላችሁ። የአንድ ደቂቃ ቁራጭ አይታችሁ ከሥሩ «አሜን» ትጽፉና ለአክስት፣ ለጓደኛ፣ ዓረብ አገር ላለች እኅት ትልካላችሁ። ሰባኪን እንደ ኳስ ተጫዋች ትደግፋላችሁ፤ «የእኔ ሰባኪ ከአንተ ሰባኪ ይበልጣል» ተባብላችሁ የምትኮራረፉ አሉ። ከዚያ ስልኩ ኪስ ይገባል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። በአጥራችሁ ጀርባ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት ውኃ የሚያቀብላቸው ሳያገኙ ቀኑ ይመሻል።

የምትመርጡትንም ስብከት አውቀዋለሁ። ዘንድሮ በርህ ይከፈታል የሚለውን ነው፤ ቪዛውን፣ ሥራውን፣ ትዳሩን የሚያበሥረውን። አልፈርድባችሁም። በጦርነት መካከል ያደገ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ተስፋ ቢርበው ምን ይደንቃል? ግን እንዲህ ያለው ስብከት ተስፋችሁን ሁሉ ወደፊት አሻግሮ ዛሬን ባዶ ያደርግባችኋል። ጠዋት ስትነሡ የምትሠሩት ምንም አይሰጣችሁም። ጠብቁ ብቻ ይላችኋል፤ እናንተም ትጠብቃላችሁ።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ላንሣ። የዕለቱ ወንጌል የባለጸጋው የነዌና በደጁ የወደቀው የድሃው የአልዓዛር ታሪክ ነበር። ካህኑ ነዌን ሩቅ አገር አልተዉትም። ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን በመጡ ሰዎች ላይ፣ መሄጃ እንደሌላቸው አውቆ የአንዲት ክፍል ኪራይ እጥፍ የሚጨምር ሰው፣ አስቀድሶ ሲወጣ አልዓዛርን በደጁ እየረገጠ መሆኑን ተናገሩ። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ የሚያዘገየውንም፣ ሚስቱን እየመታ ቅዳሴ የሚቆመውንም ጠሩት። እኛ አረጋውያኑ አንገታችንን ደፋን፤ የደፋነው ስለነካን ነው። ከኋላዬ የቆማችሁት ልጆች ግን ስልክ አወጣችሁ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ አንዱ «ዛሬ ደግሞ ፖለቲካ ሆነ»፣ ሌላው «ይኼ ወንጌል አይደለም፣ ዘመናዊነት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ይህ ነው ያንገበገበኝ። ልጆቼ፣ ይህ ስብከት ዘመናዊ የሆነው መቼ ነው? በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ የምንቀድሰው ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቁስጥንጥንያ መንበር ላይ ተቀምጦ የባለጸጋውን ግብዣና የድሃውን ባዶ ሆድ ጎን ለጎን እያቆመ ሲገሥጽ አልነበረም? ንግሥት አውዶክስያን የመበለቲቱን ርስት ስለ ወሰደች ፊት ለፊት ተቃውሟት መሰደዱንና በስደት ማረፉን ከስንክሳሩ አልሰማችሁም? ቅዱስ ባስልዮስስ በቂሣርያ ለሕሙማንና ለስደተኞች መጠለያ ሲሠራ ከወንጌል ወጣ? ያዕቆብ በመልእክቱ ወንድሙን በብርድና በራብ እያየ በቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው እምነት ሙት ይለዋል። አዲስ የሆነው የእናንተ ልማድ ነው።

እንዲህ ያለው ስብከት በእኛም ዘመን ነፍስ ሲያተርፍ አይቻለሁ፤ እኔ በነርስነት ነው ያረጀሁት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ጠበል የገቡት ግን ክኒኑን መዋጥ ክህደት ይመስላቸው ነበር። እጃችን ላይ ተሽሏቸው፣ መድኃኒቱን ትተው ሄደው፣ ዳግም ያልተመለሱ ወጣቶችን ሳስብ አሁንም ያመኛል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ አስተማሩ። ያ ስብከት ስንት ነፍስ እንዳተረፈ እኛ በዎርድ የነበርን እናውቃለን።

በእኛ ሰፈር አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። በሽታዋ ከታወቀ ወዲህ ጠላዋን የሚቀምስ ጠፋ፣ ስኒዋን የሚነካ ጠፋ። ክኒኗን ሙዳይ ውስጥ ደብቃ አትውጠውም ነበር። ንስሐ አባቷ ድምፃቸው የሻከረ፣ ንግግር የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ፤ ዛሬ ቢሆን ማንም አይቀርጻቸውም። የፓትርያርኩን ቃል በሰንበት ለሕዝቡ ካነበቡ በኋላ፣ በማግሥቱ ጠበል በቢጫ ጀሪካን ይዘው ቤቷ መጡ። እኔም ጠርተውኝ ነበርና አየሁ። በብርጭቆ ቀዱላት፤ ሙዳዩን ራሷ ከፈተችው፣ ፈርታ እያማተበች ዋጠችው። ከዚያ «ቡና የለም እንዴ?» አሏት። በዚያች ማንም በማይነካት ስኒ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው መርቀው ወጡ። ይህን ያደረጉት በር ከፍተው፣ መንገደኛው እያያቸው ነው። በሳምንቱ ጎረቤቶቿ ተመለሱ። ሴትዮዋ ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋለች።

እኚያን አባት ሳስታውስ የዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ክዶ፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ተመልሷል። ሌሊቱን ሁሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ጣና ዳር ያደጋችሁ ልጆች ይህን ማንም ሊያስረዳችሁ አይገባም። ሌሊቱን ታንኳ ላይ አድሮ፣ ቆሮሶም አምባዛም ሳያገኝ፣ እግሩ ርሶ ንጋት ላይ የሚወርደውን ሰው ፊት ታውቁታላችሁ። ሞትን ድል የነሣው ጌታ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ምን አዘጋጀላቸው? ፍም አቀጣጥሎ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ እንጀራ አቅርቦ ቁርስ አበላቸው። ጴጥሮስን ትወደኛለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ሲመልስለትም ወዲያው ሥራ ሰጠው፤ በጎቼን ጠብቅ አለው። የጴጥሮስ ተስፋ በዚያው ሥራ ውስጥ ነበር።

ከቋራጣዋ ከቅድስት ወለተ ጴጥሮስም ተማሩ። ሦስት ልጆቿን በሕፃንነታቸው የቀበረች እናት ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበረ፤ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሲያመጣ እሷ እምቢ ብላ ተሰደደች፣ ታሠረች፣ ወደ ዠበይ ተጋዘች። በጣና ዙሪያ ማኅበር እየመሠረተች ከኖረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1642 አረፈች። ይህች የመኳንንት ልጅ በገዛ እጇ ውኃ ቀድታለች፣ እህል ፈጭታለች። ኅዳር 17 ስትታሰብ ስለ ተአምሯ ብቻ አትስሙ፤ ስለ ወፍጮዋም ጠይቁ።

እናንተም በእጅ መሥራቱ ጠፍቶባችሁ አይደለም። እምቦጭ ጣናን በወረረ ጊዜ ከደምቢያ ገበሬ ጋር እስከ ወገባችሁ ውኃ ገብታችሁ አረሙን በእጃችሁ የነቀላችሁት እናንተው ናችሁ። ያኔ ማንም ተስፋ ቆረጥኩ ሲል አልሰማሁም፤ ደክማችሁ ስትመለሱ ትዘፍኑ ነበር። ታዲያ ያ ጉልበት የት ሄደ?

ሌላውን ባጭሩ ልበል።  ደንገሉን አጭዶ ታንኳ ከሚያስረው የወይጦ ማኅበረሰብ ሰው ጋር ፎቶ እየተነሣችሁ፣ ቤቱ ገብታችሁ ውኃ ለመጠጣት የምትጠየፉ አላችሁ፤ ይህ ነውርም ኃጢአትም ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ፤ ይህ ካልወጣልኝ አላርፍም። ስብከት አትስሙ ያልኩ የሚመስለው ይኖራል። ስሙ! ዓይነ ስውሩ ይሰማል፣ አልጋ ላይ ያለው ይሰማል፣ በስደት ያለችው ልጃችን በሰው ቤት ማጀት ሆና ትሰማለች፤ ለእነሱ ስልኩ በረከት ነው። እናንተ ግን እግር አላችሁ። አንድ ስብከት ሰምታችሁ የታዘዛችሁትን ሳትሠሩ ሁለተኛውን አትክፈቱ። ስለ ይቅርታ ከሰማችሁ ከተጣላችሁት ጋር ሳትታረቁ ስለ በረከት ለመስማት አትቸኩሉ። ስለ ሕሙማን ከሰማችሁ ማን እንደታመመ ጠይቁ። ካህኑ ስለ ኪራይ ቢናገሩ አባታችሁ ከተከራዩ ምን ያህል እንደሚቀበል እራት ላይ አንሡ፤ ይቆጣችሁ ይሆናል፣ ግን አንሡ። የሰንበቴው ዳቦ ሲቆረስ ከደጅ የተቀመጡትን እናንተ ሄዳችሁ አድርሱላቸው።

ሰሞኑን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለጉባኤው አዲስ ድምፅ ማጉያና ትልቅ ስክሪን ለመግዛት መዋጮ እየሰበሰባችሁ መሆኑን ሰምቻለሁ። እኔም ጋ ትመጣላችሁ። ከጡረታዬ ቀንሼ እሰጣለሁ፣ አልሰስትም። ገንዘቡን ከመቁጠሬ በፊት ግን የምጠይቃችሁ አለኝ፤ በዚህ ሰፈር አልጋ ላይ የዋሉትን ሰዎች ስማቸውን ትነግሩኛላችሁ፣ መጨረሻ ያያችኋቸው መቼ እንደሆነም ትነግሩኛላችሁ። መልስ ከሌላችሁ የመዋጮ ደብተራችሁን ግቢዬ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ እነሱ ጋ ሂዱ። ቤታቸውን አሳያችኋለሁ፤ ጉልበቴን ቢያመኝም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።