ዕይታ የማን ነው?

አንድ ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ጎጆ እንዳይቀልስ፣ «ከመንገድ ይታያል» ተብሎ ሊከለከል ይገባዋልን? ጥያቄው የቅንጦት ይመስላል። ግን በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ ቢግ ሰር በሚባለው ስፍራ ሰዎች ብዙ ተከራክረውበታል።

ፓስፊክን በአንድ ወገን፣ ገደሉን በሌላ ወገን ይዞ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቁጥር 1 በዚያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በ1965 ደግሞ ውበቱ እንዲጠበቅ በግዛቲቱ ሕግ ተሰየመ። ስያሜው እንዲያው በነጻ አይገኝም፤ አካባቢው ራሱ የማስታወቂያ ሰሌዳውን፣ የግንባታውንና የቁፋሮውን ነገር አስቀድሞ በደንብ ማሰር አለበት። ካልጠበቀው ይነጠቃል።

የቢግ ሰር ሰዎች ከዚህም አልፈው ሄዱ። በ1980 ስፍራውን በፌዴራል መንግሥት ጥበቃ ሥር ለማድረግ የቀረበውን የሕግ ረቂቅ ብዙዎቹ ተቃወሙ። ነዋሪዎች በተሳተፉበትና በ1986 በጸደቀው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ግን፣ ከጥቂት ነገሮች በስተቀር፣ ከመንገዱ የሚታይ አዲስ ግንባታ ሁሉ ተከለከለ። «አትንኩን» ያሉት ሰዎች ራሳቸውን አሰሩ ማለት ነው።

እኛ ክብር የምንሰጠው ለዚህ ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንዲሉ፣ አላፊ አግዳሚው በመኪና መስኮት ብቅ ብሎ «ሲያምር! ማንም እንዳይነካው!» ቢል ምን ይጎድልበታል? ክልከላ ሚዛን የሚደፋው ሸክሙን የሚሸከመው ሰው ሲናገረው ነው።

ሆኖም «ማኅበረሰቡ ወሰነ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ብዙኃኑም ጎረቤቱን ሊጫን ይችላል። ቤቱን ቀድሞ የሠራ ሰው ዘግይቶ የመጣውን «ውበቱን አታበላሽ» ለማለት ምን ይቸግረዋል? ዕቅዱ ለዚህ መልስ ሞክሯል፤ መሬቱ ከመንገድ የሚታይበት ባለቤት በምትኩ በማይታይ ስፍራ ሁለት ቤት የማሠራት መብት ያገኛል፤ ሊሸጠውም ይችላል።

ታዲያ መሬት የሌለውስ? በሆቴሉ አልጋ የሚያነጥፈው፣ በምግብ ቤቱ ሳህን የሚያጥበው ሠራተኛ የሚከራየው ቤት ማግኘት ጭንቁ ነው። ለእርሱ የታሰበ ምትክ መብት የለም።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ዕይታ እንደ ወንዝ የጋራ ነው፤ የጋራ ከሆነ ዋጋውም የጋራ ይሁን። በዕይታው የሚረካው መንገደኛ ድርሻውን ይክፈል፤ ከመንገድ በማይታየው መሬት ላይም ለሠራተኛው ማደሪያ ይሠራበት። ተራራውን ለዓይን አድነን ሰውን ከደጁ ካራቅነው፣ ለማን ብለን ጠበቅነው?

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ እስቲ ጻፉበት።