ቀድሞ የወጣ ሰው ዕዳ

ብዙዎች በታሰሩበት ቤት በሩ ለአንድ ሰው ብቻ ቢከፈት፣ ያ ሰው ሊወጣ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ በቬትናም ጦርነት የተማረኩ የአሜሪካ አብራሪዎች በሥጋቸውና በኅሊናቸው ሊመልሱት ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ከታሰሩባቸው ስፍራዎች ዋነኛው፣ ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመን በሃኖይ የሠሩት የሆአ ሎ ወህኒ ቤት ነው። እስረኞቹ በሽሙጥ «ሒልተን» ይሉት ነበር። ድብደባና ለብቻ መታሰር በበዛበት በዚያ ስፍራ፣ አሳሪዎቹ አንዳንዱን ከጓደኞቹ አስቀድመው ለመፍታት ያባብሉ ነበር፤ ለፕሮፓጋንዳ ይጠቅማቸዋልና። እስረኞቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. የወጣውን የአሜሪካ ወታደሮች የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት አድርገው፣ በሽተኞችና ቁስለኞች ይቅደሙ፣ ሌላው በተማረከበት ተራ ይውጣ ብለው ተስማሙ።

በቤት የምትጠብቅ እናት ስትታሰብ ይህ ስምምነት የጨከነ ይመስላል። ሆኖም በጠላት ችሮታ የሚወጣ ሰው የቀሩትን ሰንሰለት ያከብድባቸዋል። የአድሚራል ልጅ የነበረው ጆን ማኬይን በ1968 ቀድሞ እንዲወጣ ሲጠየቅ፣ ጉዳቱ ምክንያት ሊሆነው ሲችል እንቢ አለ። ከእርሱ በፊት የተያዙ ነበሩና፤ ኤቨረት አልቫሬዝ ከ1964 ጀምሮ ታስሮ ነበር። ሁለቱም የተፈቱት በ1973 ነው።

ታዲያ ቀድሞ መውጣት ሁልጊዜ ክዳት ነውን? አይደለም። ከመርከብ ባሕር ውስጥ ወድቆ የተማረከው ወጣቱ መርከበኛ ዳግላስ ሄግዳል ከአብራሪዎቹ ጋር ታስሮ ነበር። ሞኝ መስሎ ስለ ታያቸው ጠባቂዎቹ ናቁት። እርሱ ግን ከ250 የሚበልጡ እስረኞችን ስም በልጆች መዝሙር ዜማ እያዜመ በቃሉ አጠና። የበላዩ እንዲወጣ ስላዘዘው በ1969 ወጣ፤ ስሞቹንም ለአገሩ አስረከበ። ከእነርሱም መካከል በሕይወት መኖራቸው ያልታወቀ ነበሩ።

ማኬይን የቀረው ስለ ወንድሞቹ ነው፤ ሄግዳልም የወጣው ስለ ወንድሞቹ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ግን፣ ዮሴፍ ሕልሙን የፈታለት የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ከወህኒ ከወጣ በኋላ፣ እንዲያስበው የለመነውን ዮሴፍን ረሳው። በደሉ መውጣቱ ሳይሆን መርሳቱ ነበር።

ውድ ምእመናን፤ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በተነሣው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ከተማረኩ ወገኖቻችን መካከል እስከ 1988 በሶማሊያ ወህኒ የቆዩ ነበሩ። በስደት ካለነውም ብዙዎቻችን ሌላውን በመከራ ትተን የወጣን ነን። ሌሊት ኅሊናችን «ለምን ወጣህ?» እያለ ሲወቅሰን፣ «የእነማንን ስም ይዘህ ወጣህ?» ብሎም ይጠይቀን። የመጀመሪያው ጥያቄ ያለፈውን ስለሚመለከት ጸጸት ብቻ ያተርፍልናል፤ ሁለተኛው ግን ዛሬም ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት፣ ከታሰሩት ጋር አብረን እንደ ታሰርን ሆነን እንድናስባቸው አዞናል። እንግዲህ በቅዳሴ ስለ እስረኞች ስንጸልይ እያንዳንዳችን የምናውቀውን ሰው በስሙ እናስበው፤ ከጸሎቱም በኋላ ለቤተሰቡ ደብዳቤ እንጻፍ፣ ልጆቹንም እንጠይቅ። ቀድሞ የወጣ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው እንዲህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።